ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ተማርረው መኪናቸውን አቁመው ነበርና ተማሪውም ሠራተኛውም እግሩን አመነ። ስለዚያ ጊዜ ሲወራ የሚነሣው ነዳጁ ነው፣ የወሎ ረሃብ ነው፣ የነገሌ ቦረና ወታደሮች እንቢታ ነው። መምህራኑን ከክፍል ያስወጣው ሰነድ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ሰነዱ የትምህርት ዘርፍ ጥናት ነው፤ ያኔ በሰው አፍ «ሴክተር ሪቪው» ይባል የነበረው።

የሰነዱን ይዘት ዛሬ ለሚመለከት ሰው ቁጣው ግራ ያጋባል። የትምህርት ሚኒስቴርና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከውጭ ባለሙያዎች ጋር ሆነው በ1964 ዓ.ም. ያጠናቀቁት ይህ ጥናት፣ በየገጠሩ ላለው ልጅ ሁሉ የአራት ዓመት ትምህርት ይዳረስ ይላል። በዚያን ጊዜ ለአንደኛ ደረጃ ከደረሱ ልጆች ከአምስቱ አንዱ እንኳ ትምህርት ቤት አይገባም ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ዕቅዱ ለድሃው የተሰናዳ ነው። የድሃው አባት የሰማው ግን ሌላ ነበር፦ ልጅህ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁምና ወደ እርሻው ይመለስ፤ ወደ ላይ የሚወጣው የሌላ ሰው ልጅ ነው።

ማን ነበር ትክክል? ይህን ለመመለስ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መነሣት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አባትየው ያነበበው ሰነዱን አልነበረም። ያነበበው የሰባ ዓመት ታሪክ ነው።

ከዘመናዊው ትምህርት በፊት የነበረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ገንዘብ አይጠይቅም ነበር። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከዚያ በላይ መውጣት የፈለገ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ለምኖ ይማራል። ቅኔ ለመቁጠር ዋሸራ ወይም ጎንጅ፣ ድጓ ለመማር ቤተልሔም ይወርዳል። ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ጠፍተው የሄዱ ናቸው፤ አባት ለእርሻና ለከብት ጥበቃ የሚፈልገውን ልጅ በፈቃዱ አይለቅምና። በወሎም፣ በሐረርም፣ በጅማም ያለው ደረሳ ከሼኹ ዘንድ ሲቀራ በአካባቢው ሕዝብ እየተረዳ ነበር የሚኖረው። የግል ምርጫ የሚባል ነገር በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ውስጥ በንጹሕ መልኩ የታየበት ቦታ ካለ፣ ለእኔ እንጀራ እየለመነ የሚማረው ያ ልጅ ነው።

ግን ምርጫው ለማን ነበር? ለሴት ልጅ እጅግ ጥቂት ካልሆነ በቀር አልነበረም። የሸክላ ሠሪው፣ የቀጥቃጩ፣ የፋቂው ልጅም ቢመጣ እንኳ ስሙ ቀድሞት ይደርስ ነበር። የትምህርቱ መድረሻም የታወቀ ነው፦ ቅስና፣ ድብትርና፣ ጸሐፊነት፣ ሲሳካ አለቅነት። ርስትና ሹመት በዘር፣ በአገልግሎትና በጦር ሜዳ የሚገኙ ስለነበሩ ትምህርት የኑሮን ደረጃ ጥቂት ያሻሽል ይሆናል እንጂ አይገለብጥም። ለዚህ ነው መኳንንቱ ለትምህርት ብዙም ያልተሻሙት።

ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ መድረሻው ተለወጠ። ካህናቱ ሃይማኖት ያስለውጣል ብለው ስለተቃወሙ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ የኮፕት ክርስቲያኖች ሆኑ። ትምህርቱም በዋናነት ቋንቋ ነበር፤ መንግሥቱ ከአድዋ በኋላ ከፈረንጅ ጋር የሚነጋገር፣ ውል የሚያነብ ሰው ያስፈልገው ነበርና። በዚያው ዘመን ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ባለሙያን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። አዋጁ ቀጥቃጩን አትስደቡ አለ፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ አስተርጓሚንና ዲፕሎማትን አከበረ። አንደኛው ቃል ነበር፣ ሁለተኛው ደመወዝ። ሰው የተከተለው ደመወዙን ነው።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1917 ዓ.ም. በስማቸው ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ አስተዳዳሪነቱ ሕይወታቸው ራሱ ልብ ወለድ ለሚመስለው ለሐኪም ወርቅነህ ተሰጠ፤ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው በሕንድ ያደጉ፣ ሐኪም ሆነው አገራቸውን ያገኙ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1931 ደግሞ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኋላ ያንን ትምህርት ቤት የመሩት ስንዱ ገብሩ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ራሳቸው በሚስዮናውያን እጅ የተማሩ ነበሩ። የተማረ አባት ልጁን፣ ያውም ሴት ልጁን፣ ያስተምራል፤ ቀላል ይመስላል፣ ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ሁሉ እዚህች ላይ ይንጠለጠላል። ዕውቀት እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ ጀምሯል።

ጣልያን በአምስት ዓመት ወረራው ይህን ውርስ በጭካኔ በጠሰው። በተለይ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማሩ ወጣቶች እየተለቀሙ ተገደሉ። ከነፃነት በኋላ የተመለሰው መንግሥት ሚኒስቴሮች ነበሩት፣ ሠራተኛ ግን አልነበረውም። ያ ክፍተት ለብዙ የድሃና የመካከለኛ ሰው ልጅ የሕይወቱ ትልቁ ዕድል ሆነ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች አዳሪ ነበሩ፤ መንግሥት ያበላል፣ ያለብሳል፣ መጽሐፍ ይሰጣል፣ ንጉሠ ነገሥቱም እየዞሩ ይጎበኛሉ። በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከታትለው መጡ። ከዚያ የወጣ ልጅ ሥራ አይፈልግም ነበር፤ ሥራው እሱን ይፈልገዋል። የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ወንበር የያዙት አክሊሉ ሀብተወልድ የካህን ልጅ ነበሩ፤ በምኒልክ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ በእስክንድርያ፣ ከዚያም በፓሪስ ተምረው ነው እዚያ የደረሱት። «የተማረ ይግደለኝ» የሚለው አባባል በዚህ ዘመን ሰው ልብ ውስጥ ሥር ቢሰድድ ምን ይገርማል?

አንድ ነገር ግን በጸጥታ ይካሄድ ነበር። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር የሚባል በመሬት ላይ ተጣለ። ከፋዩ ገበሬው ነው። ትምህርት ቤቱ ግን የሚሠራው ከተማ ውስጥ ነው፤ ከሁሉ በላይ በአዲስ አበባ፣ በሸዋና በኤርትራ። የባሌው፣ የጋሞው፣ የጎጃሙ ገበሬ ላላየው ትምህርት ቤት ይከፍላል፤ ልጁ እረኛ ነው፣ በእሱ ገንዘብ የሚማረው የከተማ ጸሐፊ ልጅ ነው። ስለ ኢትዮጵያ የትምህርት ኢፍትሐዊነት ብዙ ተጽፏል፤ እንደዚህ ግብር ግልጽ የሆነ ማስረጃ ግን አላውቅም።

ቋንቋም ነበረ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ፣ ከሰባተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማሩ ነበር። ወለጋ ወይም ሲዳማ ገጠር ያደገ ልጅ ዕውቀቱን ለማግኘት ሁለት የሰው ቋንቋ መሻገር አለበት። የአዲስ አበባው አንድ ብቻ። ሊሴ ገብረ ማርያም ወይም ሳንፎርድ የገባው ደግሞ ገና በልጅነቱ በባዕድ ቋንቋ እየተጫወተ ያድግና የሚሻገረው ነገር አይኖርም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ ማትሪክ ይጠብቃል። ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው፤ አራሚውም የማንን ልጅ ወረቀት እንደያዘ አያውቅም። ስለዚህ ውጤቱ ፍትሐዊ መሰለ። የወደቀው ልጅ ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ።

ለፍትሕ ስል ሌላውንም ወገን ልናገር። ያው ሥርዓት የበእደ ማርያም ትምህርት ቤትንም ሠርቷል። ከየጠቅላይ ግዛቱ በትምህርት የላቁ ልጆች ተመርጠው በዩኒቨርሲቲው ግቢ አሥራ ሁለተኛን ይማሩበት ነበር፤ የማን ልጅ ነህ የሚል ጥያቄ እዚያ ዋጋ አልነበረውም። እነዚህን ከመሳሰሉ ልጆች መካከል ነው በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው የተሰለፉት የወጡት። መሰላሉ ያወጣቸው ልጆች ከታች ስለቀረው መጮኻቸው ለሥርዓቱ ምስክርም ክስም ነው።

ከዚያ ወንበሩ ሞላ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንደ ድሮው የመጣውን ሁሉ መቅጠር አቆሙ፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶች በየከተማው በዙ። ሴክተር ሪቪው የተወለደው ከዚህ ስሌት ነው። ጥቂቶችን ወደ ላይ ለማውጣት ይህን ያህል ገንዘብ ከምናፈስ ለብዙኃኑ ጥቂት ትምህርት እንስጥ፣ እሱም ከኑሮው ጋር የተያያዘ ይሁን የሚል ነው። እንደ ሒሳብ እንከን የለውም። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወጪ ስንት የገጠር ልጅ ፊደል እንደሚያስቆጥር ያሰላ ሰው ከዚህ ሌላ ነገር ሊጽፍ አይችልም።

ስህተቱ ዕቅዱ ስለ ትምህርት እንጂ ስለ ደመወዝ አለማሰቡ ነው። በአገሪቱ ውስጥ ከድህነት የሚያወጣው አንድ በር ብቻ ነበር፤ እሱም ማትሪክንና ቢሮን አልፎ የሚሄደው። እርሻ መሬት ለሌለው ጭሰኛ ተስፋ አልነበረም፤ ባለመሬቱ ሌላ ነውና። እንዲህ ባለ አገር «ልጅህ ግብርና ይማር» ማለት «ልጅህ ጭሰኛ ይሁን» ማለት ነው። ወላጁ ለእጅ ሥራና ለአፈር ንቀት ስላለው አይደለም የተቃወመው፤ የመሬት ሥሪቱን ከባለሙያዎቹ በተሻለ ስላነበበ ነው። መምህራኑ ደግሞ የራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው፤ ለአዳዲስ መምህራን የታሰበው ዝቅተኛ የደመወዝ እርከን ነበር ያንገበገባቸው። የድሃው አባትና የመምህሩ ኪስ በአንድ ሰነድ ላይ ተገናኙ። መንግሥት ዕቅዱን በቀናት ውስጥ አነሣ፤ ግን ዘግይቷል። የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ የካቲት 20 ቀን ሥልጣን ለቀቀ። የካህኑ ልጅ በወጡበት መሰላል ላይ ሌሎች እንዳይወጡ ያግዳል የተባለ ዕቅድ ከሥልጣናቸው ካወረዷቸው ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ሳስብ ይደንቀኛል።

«ኢትዮጵያዊ ሙያ ይንቃል፣ ነጭ ሸሚዝ ይወዳል» የሚለው ክስ ዛሬም ስላልሞተ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ንቀቱ የለም አልልም፤ የምኒልክ አዋጅ የወጣው ስላለ ነው። ግን በዚያው በንጉሡ ዘመን ተግባረ እድና የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ለመግባት ልጆች ይሻሙ ነበር። የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ በሶቪየት እርዳታ ተሠርቶ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የሙያ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ሁሉም ተፈላጊ ነበሩ። ምክንያቱ አንድ ነው፦ የሚገባው ተመርጦ ነው፣ ሲወጣም ሥራ ይጠብቀዋል። የኮሜርስ ምሩቅ ባንክ ገብቶ ከረባት ሲያስር ያየ ወላጅ ሒሳብ አያያዝን አልናቀም። ንቀት የሚባለው ነገር ከደመወዝ ጋር አብሮ ሲወጣና ሲወርድ ከታየ፣ ባህል ብቻ ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው።

ደርግ በሩን በሰፊው ከፈተው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘመተ፤ መሬት ላራሹ ሆነ፤ የግል ትምህርት ቤቶች በመንግሥት እጅ ገቡ፤ በ1971 ዓ.ም. የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሽማግሌውንም አሮጊቷንም ፊደል አስቆጠረና የዩኔስኮ ሽልማት አገኘ። ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡ ልጆች ሳይቀሩ በሺዎች ኩባ ድረስ ሄደው ተማሩ። ክፍሎች በፈረቃ ሞሉ። ነገር ግን ለወንድ ልጅ አሥራ ሁለተኛን መጨረስ ሌላ ትርጉም እያገኘ ሄደ፤ ማትሪክ የወደቀውን ብሔራዊ ውትድርና ይጠብቀዋል። ፈተና ማለፍና አለማለፍ የኑሮ ደረጃን መለየቱ ቀርቶ ሕይወትንና ሞትን የለየበት ዘመን ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለት ትልልቅ ነገሮችን ለወጠ። የመጀመሪያው ቋንቋው ነው፤ ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲጀምር ተደረገ። ይህ በእኔ ግምት ከሁሉም ለውጦች ይልቅ ለገጠሩ ልጅ ያደላ ነበር። እንግሊዝኛ ግን አልሄደም፤ በቦታው ቆሞ ጠበቀ። በአንዳንዱ ክልል ሰባተኛ፣ በሌላው ዘጠነኛ ላይ ተማሪው ይደርስበታል። በከተማ አንድ ወላጅ ያለ የሌለውን ከፍሎ ልጁን ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምር አካዳሚ ሲልክ፣ ያንን በር ቀድሞ እየገዛለት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ለአፍ መፍቻ ቋንቋ የሰጠው ክብር እውነት ነው፤ የአካዳሚው ወላጅ ግን መጨረሻ ላይ ያለውን ፈተና ያውቃል።

ሁለተኛው አሥረኛ ክፍል ላይ የቆመው በር ነው። ውጤቱ የላቀው ወደ መሰናዶ፣ ያልደረሰው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል ተባለ። መንግሥት ለሙያ ትምህርት ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ፤ በብዙ ቦታ ኮሌጅ ተሠራ። ነገር ግን መግቢያው ራሱ ውድቀት ነበር። አንድን መንገድ «ላልቻሉት» ብሎ የሰየመ ሥርዓት፣ ወላጅ መንገዱን ናቀ ብሎ ሊከስ አይገባም። ተግባረ እድን ያስከበረው ምርጫና ሥራ ነበር፤ አሁን ምርጫው ተወሰደ፣ ሥራውም አስተማማኝ አልነበረም። ሙያን የናቀው መጀመሪያ የቅበላ ደንቡ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ በጣት ከሚቆጠሩት ተነሥተው ከ40 አለፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የጋምቤላው፣ የአፋሩ፣ የደብረ ታቦሩ ልጅ በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ አየ። ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ተደረገ። ይህን ያቀለለ ሰው ያለፈውን አያውቅም። ግን የት እንደምትማር፣ ምን እንደምትማር የሚወስነው ማን ነበር? ተማሪው ዩኒቨርሲቲዎቹን በቅደም ተከተል ፎርም ላይ ይሞላል፤ ሚኒስቴሩ ይመድባል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 70/30 መጣ፤ ከመቶው 70ው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30ው በማኅበራዊ ሳይንስ። አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል በሚል ሒሳብ ታሪክ ወይም ሥነ ጽሑፍ ሊያጠና የሚችል ስንቱ ልጅ ላቦራቶሪ የሌለው ኬሚስትሪ ውስጥ ገባ። ፎርሙ ላይ የሚሞላው ምርጫ ነበር፤ ክፍሎቹ ግን አስቀድመው ተቆጥረው ነበር።

እዚህ ላይ ለትክክለኛነት አንድ ነገር ልጨምር። ቢጠየቁም ኖሮ አብዛኞቹ ሕክምና ወይም ምህንድስና ይሉ ነበር። ነጥቡ ከፍ ያለው ሁሉ ሐኪም፣ ቀጥሎ ያለው መሐንዲስ፣ ከዚያ ሕግ፣ መምህርነት መጨረሻ፤ ይህ ተዋረድ በየቤቱ ያለ ነው። መምህርነት ከታች መቀመጡ ግን ዋጋ አለው። ለማስተማር ያልመረጠ፣ ነጥቡ የወሰነለት ሰው የሚያስተምረው ማንን ነው? በአብዛኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆችን። የአንዱ ትውልድ የግል ምርጫ የሌላው ትውልድ ሥርዓት የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ማንም ክፉ ሳያስብ።

ድሃ ለትምህርት ፍላጎት የለውም የሚለውን ማስረጃ አይደግፈውም። ያንግ ላይቭስ የሚባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ በ20 ቦታዎች 3,000 ያህል ልጆችን እያደጉ ሲሄዱ ተከታትሏል። በልጅነታቸው ሲጠየቁ ልጆቹም ወላጆቻቸውም በአብዛኛው ያሰቡት ዩኒቨርሲቲን ነበር፤ የገጠሩም፣ የድሃውም። በኋላ የተለያዩት በምኞት አልነበረም። በሬ ሲሞት፣ አባት ሲታመም፣ ዝናብ ሲቀር ከልጆቹ አንዱ እረኛ መሆን አለበት። የትኛው? በትምህርቱ የሰነፈው ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሰነፈው ቀድሞም ከብት ሲጠብቅ የነበረው ነው። ቤተሰቡ መረጠ እንላለን። አዎ፣ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚበቃ ነገር ይዞ።

ለሴት ልጅ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። አንደኛ ደረጃው ወደ ቀበሌዋ መጥቷል፤ ሁለተኛ ደረጃው ግን የወረዳ ከተማ ነው። ከሁለት ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ እየተሸከመች ትማራለች። እናቷ የምትፈራው ትምህርቱን አይደለም፤ መንገዱንና ኪራይ ቤቱን ነው። በወሎ፣ በአርሲ፣ በጅማ ደግሞ ከሳዑዲ የተመለሰች ጎረቤት የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ለእናቷ ስታሠራ ታያለች፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው ወንድሟ ግን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ለመሄድ ስምንተኛ ክፍል መጨረስን ግዴታ ሲያደርግ፣ ስምንተኛ ክፍል ለአንዳንዷ ልጅ የትምህርት መጀመሪያ መሆኑ ቀርቶ የጉዞ ወረቀት ሆነ። ይህቺን ልጅ ትምህርት አቋረጠች ብሎ መመዝገብ ይቻላል። እሷ ግን ሒሳቧን ሠርታ ነው የሄደችው፤ ሒሳቡም ከ1966ቱ አባት ሒሳብ የተለየ አይደለም።

የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ፣ በጥብቅ ቁጥጥር ተሰጠ። ስርቆቱ ሲቆም እውነተኛው ነጥብ ወጣ። ወደ 900 ሺሕ ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከ1 ሺሕ 100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም፤ ሁሉንም ያሳለፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ የተማሪው ስንፍና፣ የስልክ ሱስ፣ የመምህሩ ድክመት ተወቀሰ። እኔን ያስደነገጠኝ ያ የትምህርት ቤቶች ቁጥር ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሰነፍና ጎበዝ ይኖራል። አንድ ትምህርት ቤት በሙሉ ግን ሰነፍ ሊሆን አይችልም። በእንዲህ ባሉ ትምህርት ቤቶች ለአሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ በትጋቱ ወይም በፍላጎቱ ሊለውጠው የሚችለው ምን ያህል ነበር? ከቤቱ አስጠኚ የተቀጠረለት የከተማ ልጅና እሱ የወሰዱት ወረቀት አንድ ነው። ከዚያ ሌላ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አልነበረም። ሪሜዲያል የሚባለው ማካካሻ ለብዙዎች ሁለተኛ ዕድል ሰጥቷል፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ጉድለትን በወራት ለመሙላት መሞከሩ ግን ተማሪው ከማን ጋር እንደሚወዳደር የረሳ ይመስላል።

አሁን ደግሞ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የሙያ ትምህርትን አስገብቷል፤ ግብርና፣ ጤና፣ ግንባታ፣ ኮምፒዩተርና ሌሎችም። የቀድሞውን ስህተት ለማረም የታሰበ ነው፤ ሙያው የወደቁ ልጆች መጣያ እንዳይሆን ሁሉም በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሆኖ እንዲያገኘው። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። ግን ሴክተር ሪቪውም ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ጥያቄው የአዲስ አበባ አካዳሚዎች ተማሪዎች ምን ያህል ግብርና እንደሚወስዱ ነው፤ የወረዳ ከተማው ትምህርት ቤት ደግሞ ወርክሾፕም፣ የግንባታ መምህርም፣ የሚሠራ ኮምፒዩተርም ሳይኖረው ለተማሪዎቹ ስንት ምርጫ ያቀርባል? ያለው አንድ የግብርና መምህር ከሆነ፣ የዚያ ወረዳ ልጆች ሁሉ ግብርናን «መረጡ» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። ሪፖርቱም ሐሰት አይሆንም፤ ፎርሙ ላይ ፊርማቸው አለ።